የጋሼ አስፋው ሳንድዊች

እኛ ሰዎች ምግብ ቤት ገብተን እስክንበላ ድረስ ሰላማውያን ነን። ጣጣው የሚጀምረው ሂሳብ ሲመጣ ነው። እሁድ ከሰዓት ፌርፋክስ በሚባለው የሐበሻ ሰፈራችን ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ ተቀምጣችሁ ተመልከቱ፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሲጎራረሱ የነበሩ ሁለት ጎልማሶች በድንገት ብድግ ብለው ይያያዛሉ። አንዱ የሌላውን ኪስ ይይዛል፣ ሌላው "በሞቴ" ይላል፣ አስተናጋጇ ሁለት ካርድ ተቀብላ መሃል ቤት ግራ ተጋብታ ትቆማለች። ነገሩን የማያውቅ ፈረንጅ ፖሊስ ሊጠራ ይችላል። እኛ ግን ፍቅር መሆኑን እናውቃለን። የማናስበው ሁልጊዜ የሚሸነፈውን ሰው ነው።

እኔ ቤት ሁልጊዜ የሚሸነፉት የባለቤቴ አባት ጋሼ አስፋው ናቸው። አዲስ አበባ ዕድሜ ልካቸውን ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ ባለቤቴ ሰብለ አስመጣቻቸውና ካልቨር ሲቲ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ቁጭ ማለት ግን አልሆነላቸውም። ፌርፋክስ ካለ የቅመም ሱቅ ሥራ ያዙና በርበሬና ሽሮ በየመደርደሪያው መደርደር ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ምኞታቸው አንድ ነው፤ እኛን መጋበዝ። ሰብለ ደግሞ እጄን ልታጠብ ብላ ትነሳና ከፍላ ትመለሳለች። ሆስፒታል ውስጥ የነርሶች አለቃ ናት፤ ሰው መንከባከብ እንጂ ሰው ሲንከባከባት አታውቅበትም። አንድ ቀን ጋሼን ወደ ሥራ ሳደርሳቸው፣ በመስኮት ወደ ውጭ እያዩ፣ "ልጄ ቤት እንግዳ ሆኜ ቀረሁ እኮ" አሉኝ። ሬዲዮኑን ቀነስኩት።

ሶ፣ ባለፈው እሁድ ከከተማው ወጣ ወዳለ ትልቅ የመዝናኛ መንደር ወሰድናቸው። አትደናገጡ፣ ዋናውን በር አልገባንም። የመግቢያውን ዋጋ ብትሰሙ እናንተም ውጭ ትቀራላችሁ። ከበሩ ውጭ ግን ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት፣ ሙዚቃው በነፃ የሚሰማበት መንገድ አለ። የእኛ ቢጤ የሚዝናናው እዚያ ነው። መኪናውን ፓርክ አድርገን እንደወረድን ጋሼ ኮታቸውን አስተካክለው፣ "ዛሬ ጋባዡ እኔ ነኝ" አሉ።

"ኦኬ፣ አባዬ" አለች ሰብለ። ይህችን ኦኬ አውቃታለሁ።

በቀጥታ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ወደተነጠፈበት ቤት መራችን። ጋሼ በሩ ላይ የተለጠፈውን ሜኑ በመነጽራቸው አነበቡት። እጃቸው ወደ ደረት ኪሳቸው ሄዳ እዚያው ቀረች።

"እኔ እንኳ ሳንድዊች ነው ያማረኝ" አልኩ።

"ከመቼ ወዲህ?" አለች ሰብለ።

"ከአሁን።"

የሳንድዊቹ ቤት ከመንገዱ ማዶ ነበር፤ ተሰልፈህ አዝዘህ፣ ከፍለህ፣ በወረቀት የተጠቀለለውን ትቀበላለህ። ዋጋውም ለዚያ መንደር ሲታይ ይቅር የሚባል ነው። ሰብለን ቦታ እንድትይዝ ላክኋትና ከጋሼ ጋር ተሰለፍኩ። እሳቸው በአስተማሪ እንግሊዝኛቸው፣ ቃል በቃል እየለዩ፣ ለሦስታችንም የዶሮ ሳንድዊች አዘዙ። ገንዘብ ተቀባይዋ "እዚህ ነው ወይስ ይዘው የሚሄዱት?" ስትላቸው፣ "ከካልቨር ሲቲ ነው የመጣነው" አሏት። ሳቀች፤ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ዶላራቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ።

"ይቅርታ፣ ካሽ አንቀበልም" አለች። "ካርድ ብቻ ነው።"

ጋሼ ካርድ የላቸውም። ባንክ ያለ ገንዘብ ገንዘብ አይመስላቸውም። ዶላሩን እንደያዙ ቆሙ፤ ከኋላችን ሰልፉ ረዘመ። የእኔ ካርድ ኪሴ ውስጥ ናት፤ ባወጣት ግን ሰውዬው እንግዳ ሆነው ወደ ቤት ሊመለሱ ነው። ልጅቷ አዘነችላቸው መሰለኝ፣ ጥግ ላይ ያለ ማሽን አሳየቻቸው፤ ካሽ ይቀበልና በምትኩ ካርድ ይሰጣል። "ጠብቀኝ" ብለውኝ ሄዱ።

ይሄኔ ሰብለ ደረሰች። ነገሩን በአንድ አፍታ ተረድታ ካርዷን ወደ መክፈያው ዘረጋች። እጇን ያዝኩት።

"አባቴ ሲንገላታ ቆሜ ልይ?"

"እየተንገላቱ አይደለም፤ እየጋበዙሽ ነው። ዛሬ እንኳ ልጃቸው ሁኚ።"

ዞር ብላ አየቻቸው። ማሽኑ የተጨማደደ ዶላር ይተፋባቸዋል፤ እሳቸው ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው ይተኩሱትና መልሰው ያጎርሱታል። የሰብለ እጅ በእጄ ውስጥ ላላ፤ ካርዷን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወደ ወንበሯ ተመለሰች።

ጋሼ አዲሷን ካርድ በሁለት ጣት ይዘው መጡ። ከፈሉ። ምግቡንም ራሳቸው ካልተሸከምኩ ብለው ተሸከሙት። የሰብለን ሳንድዊች ወረቀቱን ገለጥ አድርገው፣ "እንዳይፈስብሽ" እያሉ አቀበሏት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቃሪያ በአጠገቡ ያላለፈ ሳንድዊች ነበር። እሳቸው ግን ጓዳ ገብተው የሠሩት ይመስል፣ "እንዴት ነው?" እያሉ ፊታችንን ያያሉ። ግሩም ነው አልን። ዳቦ ከተወች የሰነበተችው ሰብለ ፍርፋሪ አላስቀረችም።

አፏን ጠረገችና ወደ አባቷ ዞረች። የአርባ ዓመት ሴት ናት፤ ስንትና ስንት ሰው ታዝዛለች።

"አባዬ፣ አይስክሬም ግዛልኝ" አለች።

ጋሼ ወንበሩ እስኪንሸራተት ብድግ አሉ። ሁለት እርምጃ ሄደው ወደ እኔ ዞሩ። "አንተስ?"

አማች ነኝ። እንደ ወጉ "አይ፣ ይበቃኛል፣ አይቸገሩ" ማለት ነበረብኝ።

"ቫኒላ" አልኩ።