ክቡር ወንበርና ግራው ያጠረ ሱሪ

ክቡር ወንበር በሃያ ዓመታቸው ጉንፋን ይዟቸው በዳኑ ሰሞን እግራቸው ከዳቸው። ጉንፋኑን ሊያባርር የወጣው የገዛ ሰውነታቸው ዘብ ወዳጅና ጠላት ተምታታበትና ነርቮቻቸውን ይደበድብ ጀመር። ከእግር ጣት እስከ ቅንድብ ሰውነታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ከርመው ቀስ በቀስ ተነሱ።

ከዚያ ወዲህ ግን በሽተኛ ሊጠይቁ ገብተው በጊዜ ተነስተው አያውቁም። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። "አንድ አፍታ ነኝ" ብሎ ይገባል፤ ለታማሚው የመጣውን ብርቱካን ልጦ ይበላል፤ ነርሷ "ሰዓት አልቋል" ስትል "እውነትሽን ነው፣ እነዚህን አስወጪልኝ" ብሎ ሌሎቹን ጠያቂዎች ያሳያታል። ማዕረጉም የተሰጣቸው ለዚሁ ነው።

ያው በሽታ ዘንድሮ የሰፈሩን ልብስ ሰፊ ጣለው። ጉንፋኑ በተሻለው ሰሞን የስፌት መኪናውን መርገጥ አቃተው፤ ሆስፒታል ሲተኛ እጁም ድምፁም ሄደ። ጆሮው ግን አልሄደም። ዶክተሩ "አብዛኛው ሰው ይድናል፤ ጊዜ ይፈልጋል" ሲል ሰማ። ሚስቱ "እጁ ባይመለስስ?" ብላ ስትንሾካሾክም ሰማ። ሁሉም ስለ እሱ ያወራል፣ እሱን የሚያናግር የለም። እያደር ዓይኑን መግለጥም ታከተው።

ክቡር ወንበር ገቡ። ወንበር ሳቡና ግራ እግራቸውን አልጋው ጠርዝ ላይ ሰቀሉ።

"እየው ይሄን ሱሪ! ግራው አጥሯል። አንተ ብሎ ልብስ ሰፊ!"

"ኧረ ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ታሞ እኮ ነው!" አለች ሚስቱ።

"ሲሰፋው መቼ ታሞ ነበር?"

በማግስቱም በዚያው ሱሪ መጡ። ከዚያም በኋላ አልቀሩም፤ ለጽዳት ሠራተኛዋ ሳይቀር ቁርጭምጭሚታቸውን ያሳያሉ። ልብስ ሰፊው በውስጡ ነደደ። ያን ሱሪ ሁለቴ ለክቶ ነው የቆረጠው! ዓይኑን ገልጦ በር በር ማየት ጀመረ።

አንድ ከሰዓት ክቡር ወንበር "ከእንግዲህስ ሌላ ሰፊ ጋ ነው የምሄደው" ሲሉ፣ ከትራሱ ላይ የተሰነጠቀ ድምፅ ወጣ።

"ሱሪው አይደለም... እግርዎ ነው የተንጋደደው!"

ሚስቱ አልጋውን ይዛ አለቀሰች። ክቡር ወንበር ተነሱ ሳይባሉ ተነሱ። በሩ ላይ ደረሰችባቸው።

"እግርዎ መሆኑን ያውቁ ነበር?"

"ከዚያ በሽታ ወዲህ ስጎትተው የኖርኩትን እግር ላጣው?"

"ታዲያ ምን በድሎዎት እንዲህ ያቃጥሉታል?"

"እኔ ተጋድሜ ሳለሁ ሰው ሁሉ ተራ በተራ አለቀሰልኝ። ታላቅ እህቴ ግን ወንበር ስባ 'ራዲዮኔን የሰበርከው አንተ ነህ' እያለች ትጨቀጭቀኝ ነበር። የሰበርኩት እኔ አልነበርኩም። ያዳነኝ ሐኪም ነው፣ አልክድም። መልሴን ስትጠብቅ የነበረችው ግን እሷ ብቻ ናት።"