አረቄ የተረጨባት ኮት

ቧንቧው ውሃን የረሳበት ሰፈር ይኖር ይሆናል፤ ሳይጠሩት መጥቶ የሚመክር ጎረቤት የሌለበት ሰፈር ግን ከመሰላ እስከ ቦኬ ብትዞሩ አታገኙም። ለእኛ ለጭሮዎች የደረሱን የሽታ ሊቅ፣ ክቡር ጋሽ እንዳሻው ናቸው።

"ልብስን የሚያስረጀው ውሃ ነው!" ይላሉ። የላብ ሽታን ሳያጥቡ ማጥፋት የዕድሜ ልክ ሙያቸው ነው። ሸሚዝ ገልብጠው ፀሐይ ላይ ያሰጣሉ፣ ብብቱን በሎሚ ያሻሉ። ይህስ ይሠራል፤ አልክድም። ችግሩ፣ እዚያ ላይ አያቆሙም። የመምህር ዓይናዲስን ሹራብ "ብርድ ሽታ ይገድላል" ብለው ሥጋ ቤት ፍሪጅ ውስጥ አሳደሩት። በማግስቱ መምህሩን እስከ ትምህርት ቤቱ በር ያጀቡት ውሾች ናቸው።

ባለፈው ቅዳሜ ተራው የእኔ ሆነ። እኔ፣ አቶ ነጋሽና ጋሽ እንዳሻው ለወንድሜ ልጅ ለታምራት ሽማግሌ ሆነን ገለምሶ ልንሄድ ነው፤ ያለችኝ አንዲት ኮት ግን ላብ ላብ ትላለች። ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ብትታጠብም አትደርቅም። የልጅቷ የእሴት አባት አቶ ኦልጅራ ጥብቅ ጴንጤ ናቸው፤ አንዴ እምቢ ካሉ አለቀ። ታምራት ደግሞ ከእሴት ሌላ አላገባም ብሏል። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ጋሽ እንዳሻው በማለዳ መጥተው ኮቷን ነጠቁኝና ብብቷ ላይ ከጠርሙስ አንድ ነገር ረጩባት።

"ምንድን ነው ጋሼ?"

"አረቄ። ሲተን ሽታውን ይዞት ይሄዳል።"

እሳቸው በሰርጋቸው ዕለት እንኳ ጠጅ ያልቀመሱ ሰው ናቸው፤ አረቄ የሚገዙት ለልብስ ብቻ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ በጭንቀት እንደገና አላበኝ። ገለምሶ ወርደን እነ ኦልጅራ በር ላይ ስንደርስ፣ ጋሽ እንዳሻው እጃቸውን ሳልይዝ "ለማሳረጊያ" ብለው አረቄውን ብብቴ ላይ ደገሙኝ። ወዲያው በሩ ተከፈተ።

"ባጋ ነጋን ዹፍተን!" አሉ አቶ ኦልጅራ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ ሲሉን፤ አስገብተው አስቀመጡን። ከዚያ አፍንጫቸው ተንቀሳቀሰ።

"ሽማግሎች፣ ልጄን ልትጠይቁ ጠጥታችሁ ነው የመጣችሁት?"

ታምራት አለቀለት አልኩ። ኮቷ ናት ብል ማን ያምነኛል?

ጋሽ እንዳሻው ብድግ አሉ። "እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሁለቱ ንጹሕ ሰዎች ናቸው፤ እኔ ደጅ እቆያለሁ።" ባርኔጣቸውን ይዘው አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። አቶ ኦልጅራ ሽታው እንዲወጣ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው፣ "ጥፋቱን ያመነ ሰው ይሻላል፤ እናንተ ቀጥሉ" አሉ። እኔ ብብቴን ጥርቅም አድርጌ ተናገርኩ።

ልጅቷ ተሰጠችን። ለምሳ ልጠራቸው ስወጣ ጋሽ እንዳሻው ብቻቸውን ፀሐይ ላይ ቆመዋል።

"ተሰጠን?"

"ተሰጠን ጋሼ።"

ለካ እኚህን ሰውዬ እወዳቸዋለሁ። እንባዬ መጣ። እሳቸው ግን ግራ ቀኝ አይተው ጠጋ አሉኝና በሹክሹክታ፣ "ላቡስ ለቀቀ?" ብለው ጠየቁኝ።

ክንዴን እስከ ላይ አነሣሁላቸው።