በጆሮ የሚመረምሩት መምህር

መኪናዎ መንገድ ላይ ቆሞብዎት ያውቃል? እንግዲያው ሞተርን በጆሮው ብቻ የሚመረምር ሰው ገጥሞዎታል። እኔ ቦዲቲን አልፌ ወደ ሶዶ ስመጣ፣ አልጋና ምድጃ ያላት አሮጌዋ የናፍጣ መኪናዬ ቀጥ አለች። አቶ ዳና የሚባሉ ጡረተኛ መምህር ሳልጠራቸው ከባጃጅ ወረዱ።

«ባትሪው ነው» አሉ።

«ባትሪውማ ደህና ነው፣ ጋሼ። የናፍጣ መስመሩ አየር ገብቶበት ይሆናል።»

«እስቲ አስነሳው፣ ልስማው።»

ቁልፉን አዞርኩ፤ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አይነሳም።

«ድገመው» አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው።

የታላቅ ቃል ይጣሳል እንዴ? ሃያ ጊዜ ደጋገምኩት። በመጨረሻ መኪናዋ ዝም አለች፤ የአልጋዋ መብራት ሳይቀር ጠፋ።

አቶ ዳና ዓይናቸውን ገለጡ። «አላልኩህም?»

አሁንማ በእርግጥ ባትሪው ነው።