አዋላጇና የኮኩ ግንድ

ጡረታ ዕረፍት ነው የሚል ሰው ጡረተኛ ካለበት ቤት ኖሮ አያውቅም። ዕድሜ ልኩን ሲሠራ የኖረ እጅ አንድ ቀን «በቃህ» ሲባል ምን እንደሚያመጣ የሚያውቀው አብሮት የሚኖር ብቻ ነው። አንዱ ደህናውን ሬዲዮ ፈታቶ መግጠሙ ይጠፋዋል። ሌላው የጎረቤት ውሻ ካላሠለጠንኩ ይላል። እነዚህ ቀላሎቹ ናቸው። ለልብስ ሰፊው የደረሰችው ዕጣ ግን ከሁሉም የባሰችው ናት፤ ሚስቱ ጡረታ በወጣች ማግሥት የእንጨት ቶርኖ ይዛ መጣች።

ሚስትየዋ አዋላጅ ነበረች። እንዲሁ አዋላጅ ብቻ ሳትሆን፣ በሰፈሩ ካለው ጎረምሳ ግማሹን ገና ከመወለዱ ቂጡን መትታ ያስለቀሰች አዋላጅ። ስለዚህ ከሷ ፊት ደረቱን ነፍቶ የሚናገር የለም። የተሰበረ ወንበር ልታስጠግን አናጺው ዘንድ ሄዳ፣ እንጨት በቶርኖ እያሽከረከረ በመሮ ሲቀርጽ አየችው። ወንበሩን እዚያው ረስታ ተመለሰች። ብዙም ሳይቆይ የአናጺው አሮጌ ቶርኖ በጋሪ ተጭኖ ግቢያቸው ገባ።

«መንታዎቼ በእግራቸው ሲመጡ እርስዎ ባይኖሩ ኖሮ» አለ አናጺው ላቡን እየጠረገ፣ «እኔ ዛሬ የማንም አባት አልነበርኩም። ይሥሩበት፣ እትዬ።»

ልብስ ሰፊው ቶርኖውን አየ፤ ሚስቱን አየ። «ምን ልትሠሪበት ነው?»

«የአበባ ማስቀመጫ።»

«አበባ መቼ ኖሮን ያውቃል?»

«ማስቀመጫው ይቅደም።»

እሱም ቢሆን ተራ ማስቀመጫ አይደለም። ክብርት አዋላጅ የተመኙት አፉ ዙሪያ የዛፉ ቅርፊት እንዳለ የሚቀርበትን ነው፤ ሆዱ ተቦርቡሮ፣ ጎኑ ለስልሶ፣ ከንፈሩ ግን ዛፍ ሳለ እንደነበረ የሚቀረውን። ለዚህም ቆሞ ያለ ዛፍ አይነካም። የወደቀ፣ የተጣለ፣ መንገድ ሠሪ ገፍቶ ያለፈው፣ ከፈረሰ ቤት ጓሮ የተረፈ ግንድ ብቻ። አንድ ቀን የታቀፈችው ጉቶ ታክሲው ውስጥ ከሰው በላይ ቦታ ይዞ፣ ረዳቱ «እትዬ፣ እኚህ ሰውዬ የት ነው የሚወርዱት?» ቢላት፣ «ከኔ ጋር» አለችው ፊቷን ሳታዞር።

ግንድ በረንዳውን ሞላ፤ ከዚያ ኮሪደሩን፤ ከዚያ ሻወር ቤቱን። ልብስ ሰፊው ገላውን የሚታጠበው በአንድ እግሩ ቆሞ ሆነ።

የቶርኖው ክፍልና የመስፊያው ክፍል የሚለያዩት በስስ ግድግዳ ነው። እሷ ስታሽከረክር የሱ መርፌ ትዘላለች። ሰጋቱራው በበሩ ሥር ሾልኮ ጨርቁ ላይ ይተኛል። አንዲት ሙሽራ ነጭ ቀሚሷን ልትለካ መጥታ፣ መስተዋቱ ፊት ዞር ስትል አቧራው ተነሥቶ ከወፍጮ ቤት የወጣች መሰለች። ሌላ ቀን ደግሞ በቅጡ ያልታሰረ ጉቶ ከቶርኖው አምልጦ፣ በሩን በርግዶ ገብቶ ያንኑ መስተዋት ለሁለት ከፈለው። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ራሱን የሚያየው ከወገብ በላይ ነው።

«ሴትዮ፣ ይሄን ነገር ተይ» ሲላት መልሷ አንድ ነው፤ «አትግፋው፣ ራሱ ይመጣል።» ከማዋለጃ ክፍል ይዛው የወጣችው ቃል ነው። ለሁሉም ታውለዋለች። መሳቢያ አልከፈት ሲል፣ መብራት ሲጠፋ፣ ደንበኛ ሲቀር፣ «አትግፋው፣ ራሱ ይመጣል።»

አልመጣ ያለው ማስቀመጫው ነበር። እርጥቡ ግንድ ሲደርቅ እንደ ገበሬ ተረከዝ ይሰነጠቃል። ያልተሰነጠቀው ቅርፊቱን ይጥላል። ቅርፊቱ የጸናለት ደግሞ ታቹ ተበስቶ፣ ከላይ የገባው ውኃ ከታች ይወጣል። ልብስ ሰፊው የተበላሸውን እያነሣ መቀሱንና ክሩን ያስቀምጥበት ጀመር። እሷ ግን ማየት አልወደደችም። «እሱ ታሞ ነው፤ አታሸክመው» ትለዋለች።

አጥር የሚጋሯቸው ጎረቤት ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ቃል ከአፋቸው የሚወጣው ለክስ ብቻ ነው፤ ውሻው ጮኸ፣ ጭሱ ገባ፣ ቶርኖው ግድግዳዬን ነቀነቀው። ከጓሯቸው ሟች ሚስታቸው የበሉትን ኮክ ፍሬ ቀብረው ያበቀሉት ዛፍ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ የቀላቀለ ነፋስ መጥቶ ከሥሩ ነቅሎ አጥሩ ላይ ጣለው። ባልና ሚስት ሮጠው ወጡ።

«እንዳታስቢው» አላት ልብስ ሰፊው በሹክሹክታ።

«ምን አሰብኩ?»

«ዓይንሽ ግንዱን ለካው እኮ!»

ዳኛው ዝናቡ ውስጥ ቆመው «ማንም እንዳይነካው» አሉ። ይግባኝ የሌለው ፍርድ ነበር። ቅርንጫፉ ተቆርጦ ከአጥሩ ተነሣ፤ ግንዱ ግን ጓሮው ውስጥ እንደተጋደመ ቀረ። ፀሐይ ወጣችበት። አዋላጇ ምግብ አልበላ አላት፤ «ስንጥቁ ሲሄድ ይሰማኛል» ትላለች። በመጨረሻ ዳኛው ለእግር ጉዞ እስኪወጡ ጠብቃ፣ እርጥብ ጆንያ በአጥሩ አሻግራ ግንዱን አለበሰችው። ሲደርቅ በባልዲ ታጠጣዋለች።

«ትታሰሪያለሽ» አላት ባሏ።

«እስር ቤትም እንጨት አይጠፋም።»

አንድ ጠዋት ዳኛው ጆንያውን እንደ ኤግዚቢት አንጠልጥለው ከች አሉ። ልብስ ሰፊው ሊያስቆማቸው ቢነሣም ቀድመውት የቶርኖው ክፍል ደርሰዋል።

«ይህ የማን—»

«እዚያው ይቁሙ! ይሽከረከራል፣ እጅዎን ኪስዎ ውስጥ!» አለች አዋላጇ። መሮው ግንድ ሆድ ውስጥ ስለነበር ቀና አላለችም።

ልብስ ሰፊው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ዳኛው ግን፣ ስንቱን ያንቀጠቀጡ ዳኛ፣ ጆንያውን እንደያዙ እጃቸውን ኪሳቸው ለመክተት ታገሉ።

ቶርኖው ሲቆም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ግንዴን ለምን አለበሱት?»

«እንዳይሰነጠቅ ነዋ። ጫፉ ቀድሞ ከደረቀ ልቡ ድረስ ይሄዳል።»

ዳኛው መደርደሪያ ላይ የተደረደሩትን የተሰነጠቁ ማስቀመጫዎች ዞረው ተመለከቱ። «እስካሁን ደህና የወጣልዎት ስንት ነው?»

«አንድም።»

ልብስ ሰፊው ዓይኑን ጨፈነ።

«ራሱን እንዲህ የማይምር ምስክር» አሉ ዳኛው ቀስ ብለው፣ «በሥራ ዘመኔ እምብዛም አልገጠመኝም። ይውሰዱት።»

ከግንዱ ደህና ሆኖ የተገኘው ክንድ የማትሞላ ቁራጭ ናት። ብትበላሽ ሌላ የለም። አዋላጇ ቁራጯን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ታገላብጣታለች፣ በጣቷ ታንኳኳታለች፣ ጆሮዋን ታስጠጋለች፤ መሮ ግን አታነሣም። ልብስ ሰፊው ተጨነቀ። ቶርኖው እንዲቃጠል በልቡ ሲለምን የኖረ ሰው፣ አሁን መብራት እንዳይጠፋ ይለምን ጀመር።

የጀመረች ዕለት እሱ ሱሪ እያጠበበ ነበር። ድምፁ ሌላ ሆነበት። እንደ ወትሮው የሚጮኽ፣ የሚያንገጫግጭ አይደለም፤ የሚያንጎራጉር ነው። ሱሪውን ጥሎ ሄደና በሩን ገርበብ አደረገ።

የእንጨቱ ልብ ቀይ ነበር፣ የበሰለ ኮክ ሥጋው ፍሬውን የሚነካበት ቦታ ያለው ዓይነት ቀይ። ፍቅፋቂው እርጥብ ሪባን እየመሰለ ከመሮው ይወጣና ትከሻዋ ላይ ይቀመጣል። ክፍሉ ፍራፍሬ ፍራፍሬ ይሸታል። እሷ ጎንበስ ብላለች፤ ዓይኗ ተከድኗል ማለት ይቻላል፣ የማይታየውን የግንዱን ሆድ በድምፁ እየተከተለች። ድምፁ ሲቀጥን እጇ ይዘገያል። ሲወፍር ትደፍራለች። ጀርባዋን የሚያማት ሴት፣ የመነጽሯን ቦታ በቀን አሥር ጊዜ የምትረሳ ሴት፣ እዚያ እንደ ወጣት ጸንታ ቆማለች።

ልብስ ሰፊው ይህን ፊት አያውቀውም ነበር። ባልና ሚስት ሆነው አርጅተዋል፤ በር ላይ ሸኝቷታል፣ በር ላይ ተቀብሏታል። እሷ ከምትሠራበት ክፍል ግን ወንድ አይገባም። ይህ ፊት የሌሎች ሴቶች ነበር፤ በጭንቃቸው ሰዓት ያዩት፣ የጨበጡት። 

ድንገት ቶርኖውን አጠፋች። ቅርፊቱ ባንድ በኩል ብድግ ብሏል።

«አንተ ሰውዬ!»

«እዚሁ ነኝ።»

«እጅህን ታጠብ!»

ለምን ብሎ አልጠየቀም፤ ሮጦ ታጠበ። እሷ በቀጭን እንጨት ሙጫ ከቅርፊቱ ሥር አስገባች። «ያዘው። እንዳትጫነው፣ እንዳትለቀው።» ያዘው። ዕድሜ ልኩን ሐር በዳሰሰ ጣቱ፣ ሐር እንደሚይዝ። ሙጫው እስኪይዝ ግንባር ለግንባር ተጠጋግተው ቆሙ። «አሁን ልቀቅ» አለችው፤ ለቀቀ። ቅርፊቱ ጸና።

ማስቀመጫው ደርቆ ዘይት ሲቀባ ወደ አንድ ጎን ዘመም አለ። አፉ ሁለት ጫፍ ያለው ጥቁር ጥምዝ ከንፈር፣ ሆዱ ቀይ፣ ስንጥቅ አልባ። በጨርቅ ጠቅልላ ይዛው ወጣች፤ ልብስ ሰፊው ሳይጠራ ተከተላት።

ዳኛው በር ከፍተው ተቀበሏት። ማስቀመጫውን በሁለት እጃቸው ታቀፉት። ጣታቸው በከንፈሩ ዙሪያ እየዞረ ሄዶ፣ ሙጫ በገባበት ቦታ ቆመ። ቅርፊቱ እዚያ ላይ ሰርጉዶ የቆየ ጠባሳ አለበት።

«ገመዷ ነው» አሉ።

«የምን ገመድ?»

«ባለቤቴ ልብስ የምታሰጣበት። ዛፉን ይቆርጠዋል፣ ሌላ ቦታ እሰሪ ብዬ ስንት ዘመን ተከራከርኳት።» ጠባሳውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። «አልሰማችኝም።»

«እንኳን አልሰማችዎት» አለች አዋላጇ።

ዳኛው ሊስቁ ሞክረው አለቀሱ። አዋላጇ አላባበለቻቸውም፤ እጇን ክንዳቸው ላይ አድርጋ፣ ቸኩሎ እንደማያውቅ ሰው እስኪጨርሱ ጠበቀች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ልብስ ሰፊው ከግቢው በር ላይ ቆመ። ትከሻዋ ላይ ያረፈ ፍቅፋቂ አነሣላት።

«ያኔም እንዲህ ነበርሽ?»

«መቼ?»

«ሥራ ቦታ። እዚያ ውስጥ።»

አዋላጇ ጥቂት አሰበች።

«አይ፣ ያኛው ይከብዳል» አለች። «ግንድ እኮ እያማጠ አይሳደብም።»

ልብስ ሰፊው ሳቁ አላስቆም ብሎት አጥሩን ያዘ። እሷ ግን ቀድማው ገብታለች፤ ወዲያው የቶርኖው ድምፅ ተነሣ፣ በመስፊያው ክፍልም የሱ መርፌ መዝለል ጀመረች። እሱም ገብቶ የጀመረውን ሱሪ ግድግዳው ላይ ሰቀለውና ወንበሩን ወደሷ ክፍል ይዞ ሄደ።