ከመናፈሻው የጠፋችው አንዲት ዓሣ

ሥልጣኔ እስከምን እንደሚደርስ ማየት የሚሻ ሁሉ በባንኮክ ዳርቻ ወደሚገኘው የቦይ ዳር መናፈሻ ጎራ ይበል። የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካው ሳይዘጋ በፊት የቦዩ ውኃ ሰኞ ሰማያዊ፣ ማክሰኞ ቀይ እየሆነ ሕዝቡን ግራ ያጋባ ነበር። አስተዳደሩ ባደረገው ያላሰለሰ ጥረት ዛሬ ሳምንቱን ሙሉ ጥቁር ነው።

በዚህ ውኃ ውስጥ ዓሣ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይም። ጎብኚው ግን ለጽድቅ ብሎ ሕያው አምባዛ ገዝቶ መልቀቅ ይወዳል። ስለዚህ የመናፈሻው ኃላፊ ኩን ፕራሞት መላ ዘየዱ፤ ዓሣው ከመድረኩ ይለቀቃል፣ ድልድዩ ሥር የቀድሞው ቀለም በጥባጭ አጎት ቡንሎም በመረብ ያወጣዋል፣ ታጥቦም ለሚቀጥለው ጻድቅ ይሸጣል። ዓሦቹ ነገሩን ከመልመዳቸው የተነሳ መረቡ ውስጥ ራሳቸው ይገቡ ነበር።

ቡንሎም ከዓሦቹ ሁሉ አብልጦ የሚወደው አንዲት ጅራተ ቆራጣ ነበረች። ሚስቱ ላምድዋን ታማ በተኛች ጊዜ ስለ ጤናዋ ብሎ የለቀቀው እሷን ነበር። ዓሣዋ ከሞተች ላምድዋንም የማትተርፍ ይመስለው ስለነበር ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያወጣት እሷን ነው።

መናፈሻው በይፋ በተመረቀበት ቀን አገረ ገዥው መጥተው ሃምሳ አምባዛ ለቀቁ። ዓሦቹ ወደ ድልድዩ ሲከንፉ አይተው ልባቸው ተነካ።

"ምን ዓይነት ፍጥነት ነው?"

"ከውኃው ጥራት የተነሳ ነው፣ ክቡርነትዎ" አሉ ፕራሞት።

"እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ቦዩ የተከለለ የዓሣ መኖሪያ ይሁን። አንድም ዓሣ እንዳይወጣ።"

ጭብጨባው ቀለጠ። ፕራሞት እያጨበጨቡ ወደ ድልድዩ ወረዱ።

"አጎቴ፣ መረቡን ይስጡኝ።"

"ዓሦቹስ?"

"ይኖራሉ። ትእዛዝ ነው።"

"እዚህ ውኃ ውስጥ?"

"ክቡርነታቸው እያዩን ነው፣ አጎቴ። ፈገግ ይበሉ እንጂ።"

ጅራተ ቆራጣዋ እንደ ልማዷ መረቡ የነበረበት ቦታ መጥታ ቆመች። አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። የቡንሎም አንጀት አልቻለም፤ የደንብ ባርኔጣውን አውልቆ ጨለፋትና ወደ ቤቱ ሮጠ። በዚያው ሰዓት የመንግሥት ዓሣ ሰርቋል ተብሎ ከሥራ ተሰናበተ።

አገረ ገዥው ምሳ በልተው ሲመለሱ አርባ ዘጠኙ ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አዙረው ተንሳፍፈዋል።

"ምን ሆነው ነው?"

"ዐርፈው ነው፣ ክቡርነትዎ። መኖሪያቸው ተመችቷቸዋል።"

አገረ ገዥው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እንዳንቀሰቅሳቸው።"

በማግሥቱ "ዓሦቹ ዕረፍት ላይ ናቸው፤ እባክዎ አይረብሹ" የሚል ሰሌዳ ተተከለ። ጎብኚውም አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ በአክብሮት ማለፍ ጀመረ።

ጅራተ ቆራጣዋ በቡንሎም ጓሮ ጋን ውስጥ ትዋኛለች። ላምድዋንም ከአልጋዋ ተነስታ ሩዝ ትጥልላታለች። የመናፈሻው ዓመታዊ ሪፖርት ግን እውነቱን ሳይሸሽግ ለሕዝብ አቅርቧል፤ በክቡርነታቸው እጅ ከተለቀቁት ሃምሳ ዓሦች የጠፋው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በስርቆት።