አክስቴ የተሳለሟት ሥዕል

ለንደን ውስጥ ከአገር ቤት ዘመድ የመጣበት ሐበሻ ሁሉ በአንዴ ሊቅ ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ ቀና ብሎ አይቶት የማያውቀውን ሐውልት፣ ዘመድ ከጎኑ ሲቆም፣ ማን እንዳሠራው፣ ለምን እንዳሠራው፣ አልፎም የፈረሱን ስም ጭምር ይተነትናል። ማን ያርመዋል? እኔም ከነዚህ ሊቃውንት አንዱ ነኝ። ኬኒንግተን እኖራለሁ፣ አውቶቡስ እነዳለሁ፤ ሊቅነቴ ግን ከዘመድ ጋር ይመጣል፣ ከዘመድ ጋር ይሄዳል።

አክስቴ እትዬ አስካለ የመጡት ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ፣ ግርግሩ በረድ ሲል ነው። እናቴ ስትሞት ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ታዲያ የሰለጠነ ሰው ማሳደጋቸውን በዓይናቸው እንዲያዩ ፈለግሁ። አውቶቡስ ስነዳ አይተውኛል፤ እሱ ግን አልበቃኝም። ወደ ሥዕል አዳራሽ ወሰድኳቸው።

አንድ ትልቅ ሥዕል ፊት አቆምኳቸውና ጉሮሮዬን ጠረግሁ። የአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን ሥዕል ነው፤ ፍሎረንስ ያለ ዝነኛ የሥዕል አዳራሽን ከነጎብኚዎቹ ያሳያል። ሰው ሥዕል ሲያይ የሚያሳይ ሥዕል መሆኑ ነው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሞልቷል፤ የእንግሊዝ መኳንንት ተሰብስበው ያያሉ። ምን ያያሉ? ይኼኔ ነው ላብ ያጠመቀኝ። ገሚሶቹ ራቁቷን የተጋደመች ሴት ከበዋል፤ ገሚሶቹ የአንዲት እርቃን ሐውልት መቀመጫ ይመረምራሉ፤ አንዱማ መነጽር ጨምሮበታል። ኮምፒዩተር ላይ ቼክ ሳደርግ ይህን እንዴት አላየሁትም? ቶሎ ብዬ ስለ ቀለሙ መተንተን ጀመርኩ።

እትዬ አስካለ እኔንም ራቁቷንም ትተው በዚያው ትልቅ ሥዕል ውስጥ ጥግ ላይ በተሳለች ትንሽ ሥዕል ላይ ዓይናቸውን ተክለዋል። እመቤታችን ናት፣ ልጇን እንደታቀፈች። ይኼ ሁሉ ወንድ እርቃን ላይ ሲያፈጥ እሷን የሚሳለም አንድ እንኳ ይጥፋ፣ አሉ ቅር ብሏቸው። ነጠላቸውን አጣፉ። ጫማቸውን አወለቁ። እኔ ስለ ቀለም ሳወራ ከሥዕሉ ፊት የተወጠረውን መከለያ ገመድ ተሻግረው አማተቡና ሳሟት።

ደወሉ ጮኸ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ወደ እኛ ዞረ። ያላዋቂ ሳሚ ምን እንደሚለቀልቅ ታውቃላችሁ፤ ለብርዱ የገዛሁላቸው የከንፈር ቅባት ሥዕሉን በሸፈነው መስታወት ላይ ታትሟል።

ጠባቂዋ ረጋ ብላ መጣች። ቁጣ የሚባል ፊቷ ላይ የለም። ወደ እኔ ዞራ፣ አብረሃቸው ነህ ወይ፣ አለችኝ። እዚህች ላይ ዘልዬ ባልፍ ደስታዬ ነበር። «ኖ» አልኩ። ያሳደጉኝን ሴት፣ በባዶ እግራቸው እንደቆሙ። ከካዱ አይቀር ብዬ አላውቃቸውም የሚል ጨመርኩበት፤ አንድ እርምጃም ራቅ አልኩ። አፍሬ ነበር የካድኳቸው፤ አሁን ደግሞ በካድኳቸው አፍራለሁ፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል።

ጠባቂዋ አላመነችኝም መሰለኝ፤ ግንባራችን ቁርጥ አንድ ነው። ጎንበስ ብላ በጣቷ እኔን እያሳየች፣ ያውቁታል ወይ፣ ብላ በምልክት ጠየቀቻቸው። እትዬ አስካለ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። እሷም ጫማቸውን አጥልቃላቸው፣ ክንዳቸውን ይዛ እስከ በር ሸኘቻቸው። እኔ ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቄ፣ እንደ ሌላ ጎብኚ ተከተልኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ በመስኮት ያያሉ። ብዙ ፌርማታ አለፍን። በመጨረሻ አላስችል አለኝና፣ እትዬ፣ ለምን አላውቀውም አሉ፣ ብዬ ጠየቅኳቸው።

በሰው ፊት ውሸታም እንዳትባልብኝ ብዬ ነው፣ አሉኝ። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካከሉና ቀጠሉ፤ «አገሬ ስገባ የኔን ውሸት ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ። ያንተን ግን አንተው ንገር። የማላውቀውን ሰው ኃጢአት እኔ እንዴት አድርጌ እናገራለሁ?»