ቶርኖው ያወረደው ጋቢ

ይህን ወሬ ያቀበለችኝ ጎረቤቴ ጥሩአለም ናት፤ እሷ የዘለለችውን እኔ በአጥሩ ቀዳዳ ካየሁት ሞልቻለሁ። ወሬኛ ትሉኝ ይሆናል። አጥሩን የበሳሁት እኔ ነኝ እንዴ?

መቼም ወንድ ልጅ ስለት አይፈራ፣ እሳት አይፈራ፤ የሚፈራው «ምን ይሉኛል»ን ብቻ ነው። የጥሩአለም ባል አያ ደምሴም እንዲያው ነው። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ገበቴ በመፈልፈል የሚስተካከለው አልነበረም። ታዲያ ጣልያን በያዘን ጊዜ የሰፈራችን የጣልያን ሹም ቶርኖ የሚሉትን መኪና አምጥቶ ግቢው ውስጥ ተከለበት። በእግር ሲረግጡት እንጨቱን እንደ ዛር ያሽከረክረዋል፤ የሰው ድርሻ ስለቱን ማስጠጋት ነው። ሹሙም፣ «ጥሩ ገበቴ አውጣልኝ፤ ነገ መጥቼ ስትሠራ አያለሁ» ብሎት ሄደ።

ለገበቴ ዋንዛ ነው፤ ለስለት ይገራል፣ ቶሎ አይሰነጠቅም። ይህን እኔ እንኳ አውቃለሁ። አያ ደምሴ ግን ጓሮው ደረቅ ዋንዛ ሞልቶ ሳለ ለማገዶ የተጣለ ስንጥቅ ወይራ አነሣ። ጥሩአለም፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ እኮ ሲዞር ይፈነዳል!» ብትለው፣ «ዋንዛዬንማ ለጣልያን አላበላም!» አላት።

ይባስ ብሎ በማግስቱ ጋቢውን እንደ ደጃዝማች ተጣፍቶ መኪናው ፊት ተገተረ። ሥራ የሚሠራ ሰው ጋቢውን አውርዶ ወገቡ ላይ ይታጠቃል። ግን በሹም ፊት ጋቢን ከትከሻ አውርዶ መታጠቅ በአገራችን ማክበር ነዋ! «ለዚህ ላደግድግ? ሞቼ ነው!» አለ። ጥሩአለም «ቶርኖው ይበላሃል» ብትለው፣ «ይብላኝ!»

ሹሙ ከወታደሮቹና ከአስተርጓሚው ከተገኘ ጋር መጣ። ተገኘ በዲማ ገዳም ቅኔ ትምህርት ከብዶት ጣልያንኛ የቀለለው ጎበዝ ነው።

አያ ደምሴ ረገጠ። መኪናው የጋቢውን ጫፍ ላፍ አድርጎ ይጠቀልል ጀመር። ሰውየው አብሮ ሊጠቀለል ሲል ሾልኮ አመለጠ፤ የጣቱን ጫፍ ግን ስለቱ አስቀረበት። ወይራው ለሁለት ፈንድቶ ግማሹ የሹሙን ባርኔጣ አስፈንጥሮ አጥሬን አሻገረው። ወታደሮቹ ጠመንጃ ደገኑ። በዚያን ጊዜ ሰው ከዚህ ባነሰ ነገር ይሰቀል ነበር። ሹሙ፣ «ሊገድለኝ ነው!» ብሎ ጮኸ።

ጥሩአለም መሬት ላይ ተደፋች፤ «ጌታው፣ ለእርስዎ ክብር ጋቢውን ሲያወርድ ነው! ያገራችን ደንብ ነው! ብቻ ቸኮለ!»

ተገኘ አስተረጎመ። ሹሙ ደስ ብሎት ጢሙን አሻሸ፤ ጠመንጃዎቹም ዝቅ አሉ። እዚህ ላይ ዝም ማለት ማንን ገደለ? አያ ደምሴ በእጀ ጠባብ ቆሞ፣ ጣቱ እየደማ፣ «አላወረድሁም! ቶርኖው ነው የገፈፈኝ!» ብሎ አገሩን ቀወጠው።

ሹሙ፣ «ምን ይላል?» ብሎ ጠየቀ።

ተገኘ ዓይኑን ሳያሽ፣ «እግርዎን ካልሳምሁ እያለ ነው» አለ።

«ይቅርበት» ብሎ ሹሙ ሄደ።

ሹሙ በኋላ ተማርኮ ተወሰደ። ተገኘ ዱር ገብቶ አርበኛ ሆነ። ቶርኖውን ባላገር ፈታትቶ ማረሻ አደረገው። ባርኔጣው ውስጥ ዶሮዬ ታቀፈችበት። አያ ደምሴ «አዋረድሽኝ» ብሎ ጥሩአለምን ጣልያን እስኪወጣ አላነጋገራትም። በዚህ መሀል ሁለት ልጆች ወልደዋል።